ዩውን ከመንቀላችሁ በፊት

(ሜሪላንድ ውስጥ ቤት የገዙ ወገኖች በተሰበሰቡበት ምሽት ያደረግሁት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ትንሽ አሳጥሬዋለሁ። መሀል ላይ የተነሡ ጥያቄዎችን በየቦታቸው አስገብቻቸዋለሁ።)

እንደምን አመሻችሁ። እስካሁን የባንክ ወለድ፣ የጣሪያና የቧንቧ ነገር ሲወራ ነበር። እኔ ደግሞ ከበሩ ውጭ ስለቆመው ነገር ነው የማወራችሁ።

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ዊተን፣ ታኮማ ፓርክ አካባቢ ቆየት ያለ ቤት የገዛችሁ እስቲ እጃችሁን አውጡ። እሺ፣ ብዙ ናችሁ። እንግዲህ ብዙዎቻችሁ ቤት ፊት ለፊት፣ ከመስኮቱ ሥር፣ ጥቁር አረንጓዴ ቁጥቋጦ አለ። ቅጠሉ ጠፍጣፋ መርፌ ይመስላል፤ ዓመቱን ሙሉ አይረግፍም። ዩው ይባላል። ችግኝ መሸጫ ስትሄዱ ታክሰስ የሚል ጽሑፍም ታያላችሁ፤ ያው ነው።

የቀድሞው ባለቤት ለዓመታት ሳይነካው ኖሯል። መስኮቱን ሸፍኗል፣ ሳሎኑን አጨልሟል፣ መግቢያውን አጥብቧል። ቁልፍ በተረከባችሁ ሰሞን የሚመጣላችሁ ሐሳብ አንድ ነው፦ ይነቀል! ሰው ትጠራላችሁ። በሰንሰለት መኪናው ላይ አስሮ ይነቅለዋል። ጠቀም ያለ ዶላር ይቀበላችሁና ጉልበታችሁ ላይ የማይደርስ ችግኝ ተክሎ ይሄዳል። ያ ችግኝ የተነቀለውን ያህል እስኪሆን ልጆቻችሁ ኮሌጅ ይገባሉ። እኔ ዛሬ የመጣሁት ይሄን ነገር ለመቃወም ነው። አትንቀሉት፤ ቁረጡት።

መርፌ ቅጠል ያላቸው ዛፎች አብዛኞቹ መጋዝ አይችሉም። አሮጌው እንጨት ድረስ ከተቆረጡ መልሰው አያቆጠቁጡም። የኛ ጥድም ከሥር ከተቆረጠ አበቃለት። ዩው ግን ከእነሱ ወገን ሆኖ ጠባዩ የባሕር ዛፍ ነው። ግንዱ ላይ የተኙ ቡቃያዎች አሉት። ቅጠሉ ተነሥቶ ብርሃን ሲያገኛቸው ይነቃሉ። ለዚህ ነው እንግሊዞች ለአጥርና ለጌጥ የሚመርጡት። ካምብሪያ በሚባለው ክፍለ አገር ሌቨንስ ሆል የተባለ ግቢ አለ። እዚያ ያሉት ቅርጽ የወጣላቸው ዩዎች መተከል የጀመሩት በ1690ዎቹ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ውሰዱልኝ)። ያኔ ጎንደር ላይ አድያም ሰገድ ኢያሱ ነግሠው ነበር። አትክልተኞቹ ዛሬም በየዓመቱ ይከረክሟቸዋል።

አቆራረጡ እንዲህ ነው። ጊዜው የማርች መጨረሻ ወይም የኤፕሪል መጀመሪያ፣ አዲስ ቅጠል ሳያወጣ ነው። በመጀመሪያ ተክሉ ጤነኛ መሆኑን እዩ። ቅርፊቱን በጥፍራችሁ ፋቅ አድርጉት፤ ከሥሩ አረንጓዴ ከሆነ ይኖራል። የታመመ ዩው ላይ መጋዝ ማንሣት የቀረችውን አቅም መንጠቅ ነው። ጤነኛውን ግን አትፍሩት። መስኮት የሚሸፍን ከሆነ ከመስኮቱ ጠርዝ አንድ ወይም ሁለት ጫማ ዝቅ አድርጋችሁ ቁረጡት፤ መልሶ የሚያድግበት ቦታ ይፈልጋል። በጣም ከሰፋ ደግሞ ዘንድሮ የፊቱን ጎን፣ ለከርሞ የኋላውን። እንዲህ ሲሆን ቅጠል ያለው ጎን ሌላውን ይመግባል፤ እናንተም ራቁቱን የቆመ ጉቶ ብቻ ስታዩ አትከርሙም። በአንድ ቀን ሁሉንም አውርደው የተሳካላቸው አሉ። እኔ ግን በሁለት ዓመት መክፈሉን እመርጣለሁ።

የመጀመሪያው ዓመት ያስቀይማል፤ አልዋሻችሁም። ጎረቤት ቆሞ ያያል። የሰፈር ማኅበር ያላችሁ ደግሞ ቀድማችሁ ብትነግሯቸው ደብዳቤ ከመቀበል ትድናላችሁ። በሜይ መጨረሻ ግን ቀረብ ብላችሁ ግንዱን እዩት። ቅርፊቱ ቀላ ያለ ቡናማ ነው፣ በስሱ ይላላጣል። በዚያ ቅርፊት መሀል ወደ ቢጫ የሚያደላ አረንጓዴ ነጥብ እዚህም እዚያም ብቅ ይላል። በጣት ሲነኩት ለስላሳ ነው፣ አይወጋም። በጁን ነጥቧ አጭር ቀንበጥ ትሆናለች። ከዚያ በኋላ ሥራችሁ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ከጁን መጨረሻ እስከ ጁላይ፣ ማስተካከል ብቻ ነው። ኦገስት ካለቀ መቀሱን አስቀምጡት። ዘግይቶ የወጣ ቀንበጥ ሳይጠነክር ውርጭ ይመታዋል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ስትከረክሙ ታችኛው ክፍል ከላዩ ሰፋ ይበል። የሰፈራችን ሰው ተቃራኒውን ነው የሚሠራው፤ አናቱን እንደ ጃንጥላ ይተወዋል። ያኔ ታችኛው ቅጠል ብርሃን ያጣና ይራገፋል። ከሥር ባዶ እግሩን የቀረ ዩው ስታዩ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይሄ ነው።

እዚህ ላይ አንዲት እናት "ቅጠሉ እኮ ዝግባ ይመስላል" አሉ። አልተሳሳቱም፤ በመልክ ይቀራረባሉ። ሁለቱም እንደ ፓይን ዛፍ ያለ ደረቅ ኮን አይሠሩም፤ ፍሬ የሚመስል ነገር ነው የሚይዙት። ቤተሰባቸው ግን ለየቅል ነው። ዩው ኢትዮጵያ ውስጥ በተፈጥሮ አይበቅልም። ከአፍሪካ የሚገኘው በአልጄሪያና በሞሮኮ ተራሮች ነው።

እኔን የሚያስፈራኝ ግን ዝግባው ሳይሆን የጥብስ ቅጠሉ ነው። አትሳቁ! ልጃቸውን ሊያርሱ ከአገር ቤት የመጡ እናት በጠዋት ወጥተው በሩ ላይ ያለውን ቁጥቋጦ ቢያዩ፣ የጥብስ ቅጠል መስሏቸው ለጥብሱ ቢቀጥፉ አይፈረድባቸውም። የጥብስ ቅጠልም እዚህ አገር ደጅ ላይ ይበቅላል፣ እሱም ቁጥቋጦ ነው። ስለዚህ ልዩነቱን ለቤተሰብ ሁሉ አሳዩ። የጥብስ ቅጠል በጣት ሲታሽ መዓዛው ያውዳል፤ ዩው የሣር ያህል እንኳ አይሸትም። የጥብስ ቅጠልን ብትገለብጡት ሆዱ ነጣ ያለና ለስላሳ ጸጉር ያለው ነው፣ ጠርዙም ወደ ውስጥ የተጠቀለለ ነው። ዩው ሲገለበጥ ገርጣ ያለ አረንጓዴ ነው፣ ጠፍጣፋ ነው፣ ጫፉ ይሾላል።

ነገሩን ያከበድኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ዩው መርዝ ነው፤ ቅጠሉ፣ ቅርፊቱ፣ ፍሬው ውስጥ ያለው ዘር ሁሉ። መርዝ የሌለበት ዘሩን የከበበው ቀዩ ሥጋ ብቻ ነው። ወፎች ሥጋውን በልተው ዘሩን ሳይሰብሩ ያወጡታል፣ ምንም አይሆኑም። ሰው ዘሩን ካኘከው ግን ታክሲን የሚባለው መርዝ የልብ ምት ያዛባል። ቅጠሉ ደርቆም መርዝነቱ አይለቅም። ፈረስና ከብት ጥቂት ቢበሉ እንኳ ይሞታሉ። ፑልስቪል ወይም ላውደን በኩል ከብት ካለው ሰው ጋር የምትጎራበቱ፣ የከረከማችሁትን በአጥር ላይ ወዲያ እንዳትወረውሩ። ጠቅልላችሁ ካውንቲው ለሚሰበስበው ስጡ።

ሌላም አለ። ቄጠማ እዚህ እንደ ልብ አይገኝም። በዓል ሲደርስ ቡና ሊፈላ ነው፣ የሚጎዘጎዝ ነገር ይፈለጋል፣ እጅ ወደ በሩ ቁጥቋጦ ይሄዳል። ይቅርባችሁ። ወለሉ ላይ ሕፃን ይድሃል፣ ያገኘውንም ወደ አፉ ያስገባል። ሰው በላው ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ምልክት እስኪታይ አትጠብቁ። የመርዝ መቆጣጠሪያው ቁጥር 1-800-222-1222 ነው፣ ቀንም ሌሊትም ይሠራል። ሰውየው ከወደቀ ወይም መተንፈስ ካቃተው ግን በቀጥታ 911።

"ታዲያ እንዲህ ከሆነ ለምን አይነቀልም?" አለ ከኋላ የተቀመጠ ወጣት። ጥሩ ጥያቄ ነው። ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ የሚከት ልጅ ያለው ሰው፣ ከመግቢያው ላይ ቢያነሣው አልቃወምም። ሌሎቻችሁ ግን አንድ ነገር እወቁ። ዩው ወንድና ሴት አለው። ቀይ ፍሬ የምትይዘው ሴቷ ናት። ልጅን የሚጠራው ደግሞ ቅጠሉ ሳይሆን ያ ፍሬ ነው። ሃትፊልዲ የሚባለው ዝርያ በአብዛኛው ወንድ ነው። ሂክሲ የሚባለው ቀጥ ብሎ የሚያድገው ብዙውን ጊዜ ፍሬ ይይዛል። ልጆች ያሉበት ቤት ላይ አዲስ የምትተክሉ ከሆነ ወንዱን ጠይቁ። በነገራችን ላይ ጾታውም ሙሉ በሙሉ የታሰረ አይደለም። ስኮትላንድ ውስጥ ፎርቲንጋል የሚባል መንደር በጣም ያረጀ ዩው አለ። ሺህ ዓመቶችን ያስቆጠረ ነው፣ በወንድነቱ የታወቀ ነው። በ2015 አንደኛው ቅርንጫፉ ቀይ ፍሬ ይዞ ተገኘ!

መሀላችን ነርሶችና ፋርማሲስቶች አላችሁ። ታክሶል የተባለውን የካንሰር መድኃኒት ታውቁታላችሁ፣ ፓክሊታክሰልን ማለቴ ነው። የመጣው ከዚሁ ተክል ነው። በ1962 አርተር ባርክሌይ የሚባል የግብርና መሥሪያ ቤት የዕፅዋት ባለሙያ፣ ዋሽንግተን ስቴት ጫካ ውስጥ ከፓሲፊክ ዩው ላይ ቅርፊት ሰበሰበ። ሰሜን ካሮላይና የነበሩት ኬሚስቶች ሞንሮ ዎልና ማንሱክ ዋኒ ንጥረ ነገሩን ለይተው በ1971 አሳተሙ። በ1992 ለማኅፀን እንቁላል ከረጢት ካንሰር ፈቃድ አገኘ። ችግሩ ዛፉ ቀስ ብሎ የሚያድግ መሆኑ ነበር፤ ቅርፊቱ ሲገፈፍ ደግሞ ይሞታል። መፍትሔው የተገኘው ከቅጠሉ ነው። የአውሮፓው ዩው ቅጠል ውስጥ ካለ ተቀራራቢ ንጥረ ነገር ተነሥቶ መድኃኒቱን መሥራት ተቻለ። ቅጠል ደግሞ ይከረከማል፣ መልሶ ይወጣል። እንግሊዝ አገር የአጥር ክርክማቱን የሚሰበስቡ ሰዎች ነበሩ። ይሄን የነገርኳችሁ ተክሉን እንድታከብሩት ነው። ሻይ አፍልቶ ለካንሰር ይጠጣል የሚል ሰው ከገጠማችሁ ግን ሽሹት። ቅጠሉ ላይ ያለው መርዙ ነው፤ መድኃኒቱ ፋብሪካ ውስጥ ነው የሚሠራው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ዩውን የሚገድለው ብርድ አይደለም፣ መቀስም አይደለም፣ ጥላም አይደለም። ጥላ ከብዙ ቁጥቋጦ በላይ ይችላል፤ ከሰሜን ግድግዳ ሥር እንኳ ይኖራል። የሚገድለው ሥሩ ላይ የሚቋጥር ውኃ ነው። እዚህ አካባቢ ያለን አፈር ብዙ ቦታ ላይ ሸክላማ ነው። ዝናብ ሲዘንብ ይጠጣል፣ ግን አያሳልፍም። ሥር አየር ይፈልጋል። ውኃ ውስጥ የተቀመጠ ሥር ይታፈናል፣ ፋይቶፍቶራ የሚባለው የሥር አበስባሽ ይገባበታል። ቅጠሉ ቢጫ መሆን ይጀምራል። ባለቤቱ ቢጫውን ሲያይ "ጠምቶታል" ብሎ ጎማውን ይዘረጋል። በዚያው ይጨርሰዋል። የዩው ሞት እዚህ ሰፈር በአብዛኛው ከደግነት ነው።

ስለዚህ ቢጫ ስታዩ መጀመሪያ አሸንዳውን እዩ። የጣሪያው ውኃ በቱቦ ወርዶ የት ነው የሚፈሰው? ብዙ ቤት ላይ ቀጥታ ቁጥቋጦው እግር ላይ ነው። ማስቀጠያ ቱቦ ገዝታችሁ ውኃውን ወደ ሣሩ አሳልፉት። ይቺ የጥቂት ዶላር ዕቃ ከማንኛውም ማዳበሪያ ትበልጣለች። ቀጥሎ ሣር የሚያጠጣውን አውቶማቲክ መርጫ እዩ፤ በየቀኑ ዩው ላይ የሚረጭ ከሆነ አዙሩት። ከዚያ ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ አስገቡ። ሁለት ኢንች ወርዶ እርጥብ ከሆነ አታጠጡ። ሌላ ምርመራ የለውም።

አዲስ የምትተክሉ ሰዎች፣ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ጫማ ጉድጓድ ቆፍሩ። (ከመቆፈራችሁ ቀደም ብላችሁ 811 ደውሉ፣ የጋዝና የመብራት መስመር በነፃ ምልክት ያደርጉላችኋል።) ጉድጓዱን ውኃ ሙሉት። ሲመጥ እንደገና ሙሉትና ሰዓት ያዙ። በሰዓት አንድ ኢንች ያህል ከወረደ ደህና ነው። በማግሥቱም ውኃው እዚያው ካለ ዩው እዚያ አይሆንም፤ ወይ ከፍ ያለ መደብ ሥሩለት፣ ወይ ሌላ ተክል ምረጡ።

ጉድጓዱ ከሥሩ ኳስ (ከነአፈሩ ከተያዘው ሥር ማለቴ ነው) ሁለት ሦስት እጥፍ ይስፋ እንጂ አይጥለቅ። ሸክላማ አፈር ላይ እንዲያውም ከመሬት አንድ ኢንች ብቅ ብሎ ቢቀመጥ ይሻላል። በማሰሮው ውስጥ የተጠመጠመውን ሥር በእጃችሁ ፍቱት። ጉዝጓዝ ሁለት ሦስት ኢንች ይበቃዋል፤ ግንዱን ግን አይንካ። እዚህ አገር ግንዱ ላይ የእንጨት ፍርፋሪ ቆልሎ እንደ ተራራ መሥራት ፋሽን ነው። ቅርፊቱን ያበሰብሰዋል፤ ሠራተኛው ሲያደርገው ካያችሁ አስቁሙት። ለመትከል ሴፕቴምበርና ኦክቶበር፣ ወይም የፀደይ መጀመሪያ ጥሩ ነው። የመጀመሪያውን ዓመት ዝናብ ከጠፋ በሳምንት አንድ ጊዜ ጠለቅ አድርጋችሁ አጠጡት። ሥር ከያዘ በኋላ የሚጠይቃችሁ ነገር ጥቂት ነው። ለአጥር ከሆነ በመካከላቸው ሁለት ጫማ ያህል ይኑር።

እዚህ አገር የሚሸጠው አብዛኛው ዩው ክልስ ነው። አንደኛው ወላጅ እንግሊዛዊ፣ ሌላው ጃፓናዊ። ያዳቀለው ሃትፊልድ የሚባል አትክልተኛ ነው፣ ማሳቹሴትስ ዌልስሊ ላይ፣ በ1900 አካባቢ። ከጃፓኑ ብርድ መቻልን፣ ከእንግሊዙ መልክን ወስዷል። የበረታ ሙቀት ግን ሁለቱም አይወዱም። ከዚህ ወደ ደቡብ ለምትሄዱ፣ አትላንታ ላሉ ዘመዶቻችሁም ይሄን ንገሩልኝ፤ እዚያ ትግል ነው።

በማርች ወደ ደቡብ የዞረው ጎኑ ብቻ ቡናማ ሆኖ ብታገኙት አትደንግጡ። መሬቱ በረዶ ሆኖ ሥሩ ውኃ መሳብ ሲያቅተው፣ ፀሐይና ነፋስ ቅጠሉን ያደርቁታል። ቡቃያው ብዙ ጊዜ በሕይወት አለ። እስከ ጁን ጠብቁት፣ ከዚያ የደረቀውን ቁረጡ። ጨው ግን ሌላ ነገር ነው። በረዶ ሲወርድ መግቢያው ላይ የምትበትኑት ጨው ዩውን ይጎዳዋል። በአካፋ የምትጠርጉትን ጨዋማ በረዶ እላዩ ላይ አትከምሩ።

ተባዩ ብዙ አይደለም፤ አንዱን ብቻ እወቁ። ቅጠሉ ጠርዝ ላይ በመቀስ የተበላ የሚመስል ግማሽ ክብ ካያችሁ፣ ማታ በባትሪ ወጥታችሁ እዩ። ጥቁር፣ መብረር የማትችል፣ ከነቀዝ ወገን የሆነች ጢንዚዛ ታገኛላችሁ። ሁሉም ሴቶች ናቸው፤ ያለ ወንድ ይራባሉ። ቅጠሉን መብላቷ መልኩን ነው የሚያበላሸው። ከአፈር ሥር ያለው ነጭ እግር የለሽ ትሏ ግን ሥሩን ይግጣል። ይሄን ትል የሚገድሉ፣ ኔማቶድ የሚባሉ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ትሎች ይሸጣሉ። በበጋው (በሰመር) መጨረሻ፣ በውኃ ተበጥብጠው እርጥብ አፈር ላይ ይፈስሳሉ። በፍሪጅ የሚቀመጡ ሕያው ነገሮች ስለሆኑ ገዝታችሁ መኪና ውስጥ አትርሷቸው።

የመጨረሻው ጥያቄ የመጣው ጀርመንታውን ከሚኖሩ አባት ነው። "አጋዘን በልቶ ጨረሰብኝ፣ መርዝ ነው አላልክም እንዴ?" አሉኝ። አዎ አባባ፣ ፈረስን የሚገድለው ተክል ለአጋዘን ምሳ ነው፤ የዚህ አገር አጋዘን እንዲያውም ይመርጠዋል። የሚረጨው መከላከያ ዝናብ ሲመታው ይታጠባል፣ ደጋግሞ መርጨት ይጠይቃል። ከኖቬምበር እስከ ማርች መረብ መሸፈን ይሻላል፣ የአጋዘን አፍ የሚደርሰው እስከ አምስት ስድስት ጫማ ነው። ይሄ ሁሉ ከሰለቸዎት ፕለም ዩው የሚባል አለ፣ በሌላ ስሙ ሴፋሎታክሰስ። ዘመዱ ነው፣ ቅጠሉ ረዘም ይላል። አጋዘን ብዙም አይነካውም፣ ሙቀቱንም ከዩው በተሻለ ይችላል። ዋጋው ወደድ ይላል፣ ሲያድግም ቀስ ብሎ ነው። ለእርስዎ ግቢ ግን እሱን ነው የምመክረው።